ውርጭ ያደረበት ማጣሪያ

አይደለም፣ አረፋ አይደለም፣ ሲሪንጁ ውስጥ የቀረ አየር ይሆናል፣ እንደገና ልግፋው፣ ቀስ ብዬ፣ ማጣሪያው ባልዲው ውስጥ እንደሰጠመ፣ ተረጋጊ ሃዋኒ፣ የሳይንስ አስተማሪ ነሽ፣ እርጥብ ሜምብሬን፣ የማጣሪያው ስስ ሽፋን፣ አየር አያሳልፍም፣ ካሳለፈ ተሰንጥቋል፣ በቃ፣ ግፊው። ቡልቅ። ቡልቅ ቡልቅ ቡልቅ።

ተሰንጥቋል።

ከውጭ ሲያዩት ምንም አልሆነም፣ ክንድ የምታህል ቱቦ፣ ውስጧ እንደ ክር የቀጠኑ ነጫጭ ቀሰሞች ታጭቀውባት፣ የክረምቱ ዝናብ ከቆርቆሮው በአሸንዳ ወርዶ ሮቶ ይገባል፣ ከሮቶው በዚህች ያልፋል፣ ጀርሙ ሁሉ እዚህ ይቀራል፣ ያለ ስጋት አጠጡ፣ ወላጆች ስብሰባ ላይ ቆሜ ያልኩት እኔ፣ ማን በይ አለኝ። ወረቀቱ ግድግዳው ላይ፣ በገዛ እጄ ጽሕፈት፣ ማሳሰቢያ፣ ማጣሪያው በረዶ ከያዘው ስለሚሰነጠቅ ዘወትር ማታ ወደ ዕቃ ቤት እንዲገባ፣ ኃላፊ መምህርት ሃዋኒ። ረቡዕ ማታ አላስገባሁትም።

ሚኒባሷ ጡሩምባዋን እየነፋች ነበር፣ የአምቦ የመጨረሻዋ፣ የዝውውር ወረቀቴን ሐሙስ በጠዋት ካላደረስኩ ሌላ ዓመት ወንጪ፣ ሌላ ዓመት ከባሌ ተለይቼ፣ ሮጥኩ፣ ሌላ ምን፣ ሮጥኩ። ታኅሣሥ ነው፣ እዚህ ሳሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ አምቦ ግን ውርጭ የለም፣ ትዝም አላለኝ።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ትናንት ሰኞ፣ ሦስት ቀን ጠጥተዋል፣ ኩልል ያለ ውኃ፣ ማን ይጠረጥራል፣ ዛሬ ጠዋት አዴ ቦጋለች፣ ውኃ የምትቀዳልን፣ በጨዋታ መሐል ባትነግረኝ እኔስ መቼ እጠረጥር ነበር፣ ሐሙስ ዕለት እኮ ቲቸር ቱቦሽን ድንጋይ ሆኖ አግኝቼው ሙቅ ውኃ ባፈስበት ተፈታልኝ፣ ብላ ሳቀች። ሳቀች! ተማሪዬ ጊፍቲ ትናንት አልመጣችም፣ ዛሬም፣ ሆዷን ነው አሉ፣ ከሁለተኛ ክፍልም ሁለት ቀርተዋል፣ ብርድ ይሆናል፣ የበሉት ይሆናል፣ ይሆናል፣ ይሆናል፣ ኧረ ተይ።

ዝም ብልስ። ኦቦ ቶሌራ ክሊራንሴን ገና አልፈረመልኝም፣ ርዕሰ መምህር ነው፣ ካልፈረመ የትም የለም። ማጣሪያው አርጅቷል ይቀየር ብል ማን ያውቃል፣ ወይ ደግሞ ሙቅ ውኃ አፈሰሰችበት ብል፣ አፍስሳለች እኮ፣ ውሸት የለበትም፣ አዴ ቦጋለች ደግሞ ኮንትራት ናት፣ በአንዲት ደብዳቤ፣ ምን እያልሽ ነው አንቺ፣ ሴትዮዋ አንቺን ልትረዳ ብላ!

ደወሉ። እረፍት። ጠዋት የተሞሉት ባልዲዎች! እሮጣለሁ፣ ኩባያ የያዙ ልጆች፣ ግፊያ፣ ሂን ዱጊና፣ አትጠጡ፣ አንዱ አፉ አድርሶታል፣ መትቼ እጥለዋለሁ፣ ያለቅሳል፣ ያልቅስ፣ ባልዲውን እገለብጠዋለሁ፣ ሁለተኛውንም።

ማል ታኤ ቲቸር፣ ምን ሆንሽ፣ ኦቦ ቶሌራ ከቢሮው ወጥቶ። ማጣሪያው ተበላሽቷል፣ ከሐሙስ ጀምሮ የጠጡት ያልተጣራ ነው፣ እላለሁ። ማነው ያበላሸው? አዴ ቦጋለች ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ እኔ እሆናለሁ ጌታዬ፣ ሙቅ ውኃ፣ እያለች፣ አይ፣ እኔ ነኝ፣ ረቡዕ ውጭ ትቼው ሄጄ ነው፣ እሷ ስታገኘው አልቆለት ነበር። ወጣ። ከአፌ ወጣ። ኦቦ ቶሌራ እኔን አያይም፣ ልጆቹን ነው የሚያየው፣ ጤና ጣቢያ ልደውል፣ ይላል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የታመሙት ቤት ግን አንቺ ራስሽ ትሄጃለሽ።

እሄዳለሁ። ቁልቁለቱን፣ ፈረስ የሚስቡ ሰዎችን ሰላም ሳልል፣ ምን ብዬ ነው የምጀምረው፣ በተፈጠረው የቴክኒክ ችግር ምክንያት፣ ተፈጠረ፣ ማን ፈጠረው፣ አፌን ይዞኝ ቢቀር። የጊፍቲ እናት ሳምሪ በር ላይ ታየኛለች፣ ኮቱ ቲቸር፣ ግቢ ግቢ፣ ልጅቷ መደቡ ላይ፣ ዓይኗ ጎድጉዷል፣ ከንፈሯ ደርቋል፣ ሳምሪ ኩባያ ታስጠጋላታለች፣ የምንጩን ውኃ እርም ብያለሁ፣ አዴ ቦጋለችን ለምኜ ትናንት ከእናንተ ማጣሪያ አንድ ጄሪካን አስቀዳሁ፣ ለእሷ ብቻ፣ በየሰዓቱ ነው የምሰጣት።

በየሰዓቱ።

እጇን እይዘዋለሁ፣ ላግዝሽ ያልኩ መስሏት ኩባያውን ትለቅልኛለች። ሳምሪ፣ ይሄ ውኃ ይሆናል ያሳመማት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ተነሺ ጤና ጣቢያ እንውሰዳት። ታየኛለች። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ፣ አይ፣ ልጇን አዝላ ትወጣለች፣ እኔ ከኋላ፣ ዳገት፣ ዞር አትልም፣ ላግዝሽ አልላትም፣ በምን አፌ፣ ትንፋሿ ሲቆራረጥ እሰማለሁ፣ ግማሽ ላይ ትቆማለች፣ ፊቷን ሳትመልስ አንቀልባውን ትፈታለች፣ ያዢ፣ ትላለች። ያዢ ብቻ።

ጀርባዬ ላይ ናት፣ ቀላል፣ እንዴት እንዲህ ቀላል ትሆናለች፣ ትተነፍሳለች፣ ማጅራቴ ላይ፣ ትኩስ፣ አሁንም፣ አሁንም፣ ሳምሪ ከጎኔ ትራመዳለች፣ አትሩጪ ትላለች፣ ትወድቂያለሽ፣ እሺ፣ አልሮጥም፣ እሺ