ላፕቶፑ አባባን "የለም" ይለዋል

አንቀሳቀሳት! ጣቱን! የቀኝ እጁን ሌባ ጣት! አባባ አንቀሳቀሳት እኮ ነው የምላችሁ! በዓይኔ በብረቱ አየሁ፣ እማዬም አይታለች፣ ስለዚህ አልቃዠሁም። ያቺ ከወደቀ ጀምሮ ጭኑ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተጋድማ የነበረች እጅ፣ ጣቷ ብድግ አለችና የላፕቶፑን መዳሰሻ፣ ታችፓዱን ጠቅ! ስክሪኑ ቦግ! እኔ ጮህኩ፣ እማዬ ጮኸች፣ ጎረቤታችን ሴትዮ "ምን ሆናችሁ? ሌባ ነው?" እያለች ግድግዳውን ደበደበች። እማዬ "አይ ጣት ናት!" አለቻት። ሴትዮዋ ምን እንደገባት እንጃ፣ መደብደቡን ተወች።

ምርጡ ይሄ ነው። መያዝ ስላልቻልኩ አስቀድሜ ተፋሁት። አሁን ደግሞ ስቄ ሳልጨርስ ለምን ማልቀስ እንደጀመርኩ ልንገራችሁ፣ በናታችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም ጨንቆኛል።

አባባ የእማዬ አባት ነው፣ ፀጉር አስተካካይ። "ነበር" ካልኩ እማዬ ታፈጥብኛለች፣ ስለዚህ ነው። ሱቁ ትንሽዬ ናት፣ ሁለት ተሽከርካሪ ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ ቅጭል የምትል በር ላይ የተንጠለጠለች ደወል። አብሮት የሚሠራው ሰውዬ ደግሞ፣ አትስቁ እሺ፣ ራሱ ላይ አንድ ፀጉር የለም። መላጣው ነው የምንለው። ስልክ ሲያነሳ እንኳ "አቤት፣ መላጣው ነኝ" ነው የሚለው። ደንበኛ ሲቀልድበት "ለናንተ ሳድል ሳድል አልቆብኝ ነው" ይላል።

አባባ የወደቀው እዚያው ሱቁ ውስጥ ነው፣ መቀሱን እንደያዘ። ሐኪም ቤት ያደረሰውም ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ የቀረው ደንበኛ ነው። ስትሮክ ነው አሉ። ቀኝ ጎኑ ቀጥ አለ፣ ምላሱም ተሳሰረ። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል፣ ከአፉ የሚወጣው ግን "እ" ብቻ ነው። ሰውዬው እኮ ወሬ ጀምሮ ደንበኛው ተላጭቶ፣ ታጥቦ፣ ከፍሎ ሲወጣ በር ድረስ እያወራ የሚሸኝ ሰው ነበር!

ከዚያ መላጣው አንድ ዘዴ አመጣ። ያረጀ ስልኩን መስታወቱ ስር ካለው መደርደሪያ ላይ በጫማ ክር አሰረው፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ቪዲዮ ይደውላል፣ እኛ በእኔ ላፕቶፕ እናነሳለን። በቃ! አባባ መስኮቱ ጋ ካለው ወንበሩ ሳይነሳ ሱቁ ይውላል። ደንበኞቹ ቁጭ ሲሉ መጀመሪያ እሱን ነው ሰላም የሚሉት።

"ጋሼ! ይሄ መላጣ ጆሮዬን ሊያስቀርብኝ ነው፣ ቶሎ ድነው ይድረሱልኝ!"

"ዝም በል፣ ጆሮህ ራሱ ይበዛብሃል" ይላል መላጣው።

አባባም በግማሽ ፊቱ ይስቃል። ያቺን ግማሽ ሳቅ ብታዩዋት! ልትበሏት ነው የምትደርሱት።

ችግሩ ባትሪው ነው። ላፕቶፔ አሮጌ ናት፣ ሶኬቱ ደግሞ ያለው ማዶ ግድግዳ ላይ ነው። ገመድ ዘርግተን ነበር፣ እማዬ የሾርባ ድስት ይዛ ስታልፍ ጠለፋት። ሾርባው ጣራ ነካ። "ሁለተኛ ይሄን እባብ ቤቴ ውስጥ እንዳላይ! ለአንድ ቤት አንድ የወደቀ ይበቃል!" ብላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ላይ ወረወረችው። ስለዚህ በባትሪ ብቻ፣ ባትሪው ደግሞ ምሳ ሳይደርስ ይሞታል። እማዬ ሥራ፣ እኔ ትምህርት ቤት፣ ጎረቤታችን ብቅ እያለች ውሃ ታጠጣዋለች እንጂ ላፕቶፕ የምትፈራው እንደ ቦምብ ነው። ከትምህርት ቤት ስመጣ አባባ ጥቁር መስታወት ላይ አፍጥጦ አገኘዋለሁ። አንጀቴን በላው።

እኔ ቀዥቃዣዋ (እማዬ ናት እንደዚህ የምትለኝ) ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አንዲት ፕሮግራም ጫንኩ። ላፕቶፑን ለትንሽ ደቂቃ ማንም ካልነካው ስክሪኑን በራሷ ታደበዝዘዋለች፣ ባትሪው እንዳይበላ። ሌላ ጊዜ ቪዲዮ ተከፍቶ ከሆነ አይደበዝዝም አይደል? ይቺ ግን ቪዲዮ የለ፣ ምን የለ፣ ካልተነካ ጭልም ነው። ጥግ ላይም "ተጠቃሚው የለም" የምትል ጽሑፍ ታወጣለች። ነካ ሲያደርጉት መልሶ ቦግ። ባትሪው እስከ ማታ ዘለቀ! እማዬ "የእኔ ኢንጂነር!" ብላ ጉንጬን ልትነቅለው ነበር።

አባባም አልከበደውም። ግራ እጁ ደህና ናት እኮ። ሲደበዝዝ በግራ ጠቅ፣ ሲደበዝዝ ጠቅ። እንዲያውም ጨዋታ አደረገው፣ ካበራው በኋላ ጠቀስ ያደርገኛል።

ከዚያ ኮማንደሯ መጣች።

ኮማንደሯ የምንላት የአባባ ፊዚዮቴራፒስት ናት፣ የደከመ እጅ እግር የምታለማምድ ሐኪም። አጭር ናት፣ ግን ስትገባ ቤቱ ይጠባል። አባባ በግራው ጠቅ ሲያደርግ አየችና ወገቧን ያዘች። "ይቺ ግራ ሁሉን ከሠራችልዎት ቀኟ ለምን ትደክማለች?" ከቦርሳዋ ጣቶቹን ሁሉ የሚሸፍን ወፍራም የጨርቅ ጓንት አወጣችና ደህናዋን እጅ አለበሰቻት። ታችፓዱ ደግሞ በጨርቅ ሲነካ አይሰማም። ቀኝ እጁን አንስታ ታችፓዱ አጠገብ አስተኛቻት።

"ሲጨልም በዚህች ያብሯት፣ አባቴ። ማንም አይነካልዎትም።" ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ በተለይ!"

"ካልቻለስ?"

"ይችላል። ትከሻው መሥራት ጀምሯል፣ ጣቱም አልሞተችም። ያጣችው ምክንያት ነው።"

ምክንያት! የእኔን ፕሮግራም እኮ ነው ምክንያት ያደረገችው!

ከዚያ ወዲህ ያለውን እንዴት ልንገራችሁ። ስክሪኑ ይደበዝዛል። መስኮቱ አጠገብ ስለሆነ ደግሞ ሲደበዝዝ ምንም አይታይም፣ ድምፅ ብቻ ይቀራል። መቀሱ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ሰዎች ይስቃሉ፣ አባባ በምን እንደሚስቁ አያይም። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ግንባሩ ላብ በላብ ይሆናል፣ እጁ ግን ንቅንቅ አትልም። ጥግ ላይ ያቺ ጽሑፍ፣ "ተጠቃሚው የለም"። ኧረ አለ! እዚሁ ፊትሽ ቁጭ ብሎ እያላበው ነው አንቺ ደንቆሮ! እኔ እጆቼን ጭኔ ስር ከትቼ ነው የምቀመጠው፣ ሳላስበው እንዳልነካለት። ነጋ ጠባ ጨለማ ሆነ፣ የሚበራው ኮማንደሯ ለልምምድ ስታበራው፣ እማዬም ለምሳ ብቅ ብላ ስታበላው ብቻ ነው፣ ኮማንደሯ የፈቀደችው ይሄን ብቻ ነዋ። ባትሪው ግን ምን ልበላችሁ፣ አያልቅም። ማን አይቶት!

ትናንት ደግሞ መምህሩ መጣ። ሱቁ ማለቴ ነው። መምህሩ ጡረታ የወጣ የአባባ የልጅነት ጓደኛ ነው፣ የሚቆረጥ ፀጉር ባይኖረውም በየሳምንቱ ይመጣል፣ ስለ ኳስ ይጨቃጨቃሉ፣ ተኮራርፈው ይለያያሉ፣ በሳምንቱ ደግሞ ያው ነው። አሁን ልጁ ጋ ሊኖር ነው፣ ሩቅ ከተማ፣ ለሁልጊዜ። ሊሰናበት ነው የመጣው። እማዬ ዕረፍት ስለነበረች ሦስታችንም አለን፣ አባባን ምሳ አብልታው ስትጨርስ ስክሪኑ ገና አልደበዘዘም ነበር። ሱፍ መልበሱን በሩ ላይ ሲገባ በጨረፍታ ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ፣ አባባ ሳያየው ስክሪኑ ደበዘዘ።

"መላጣው፣ ወንበሩን ወደ ስልኩ አዙርልኝ" ሲል ሰማነው። ከዚያ ድምፁ ቀረበ። "አንተ ሽማግሌ! ትሰማኛለህ?"

"እ! እ!" አለ አባባ። ትከሻው ተነሳ።

ብድግ አልኩ። እማዬ እጄን ቀጨም።

"ተይው።"

"እማዬ፣ መምህሩ እኮ ነው! ሊሄድ እኮ ነው!"

"ተይው ልጄ። ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል።" እሷም እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል፣ እጄን ግን አትለቅም።

"ሌላ ሰው ራሴን አላስነካም ብዬህ ነበር" ይላል መምህሩ በጨለማው ውስጥ። "እንግዲህ እዚያ ሄጄ እንደ አንበሳ ጎፈሬ አሳድጋለሁ፣ ካለኝ ነው ታዲያ።" ሳቀ። አባባ አልሳቀም። "ሱፌን አየሃት? ለሠርጌ እንኳ እንዲህ አልተኳልኩም። ለአንተ ብዬ ነው። አየኸኝ?"

"እ! እ! እ!"

እነሱ እኮ አባባን ያዩታል! የእሱ ስክሪን እንጂ ካሜራው አልጨለመም። "አታልቅስ እንጂ አንተ" አለ መምህሩ፣ "እኔንም ልታስለቅሰኝ ነው።" ለመሰናበት የሚያለቅስ መሰለው። ልጮህ ነበር፣ "አያይዎትም!" ልል ነበር፣ እማዬ እጄን ይበልጥ ጨመቀችው። ከዚያ የወንበሩ ድምፅ፣ እርምጃ፣ ደወሏ ቅጭል።

ጣቱ የተነሳችው ያኔ ነው።

ቦግ አለ። ባዶ ወንበር። ገና እየተሽከረከረች ነበር።

እኛ ነን እንግዲህ እልልታ ያቀለጥነው። እማዬ አባባን እየሳመች፣ እኔ እየዘለልኩ፣ ጎረቤት ግድግዳ እየደበደበች። አባባ ግን እኛን አላየንም። ያቺን ወንበር ነው የሚያየው፣ እስክትቆም ድረስ። ከቆመችም በኋላ። መላጣው ስንነግረው ሮጦ ወጥቶ ነበር፣ መኪናው ሄዷል አለን። መምህሩ ስልክ አይዝም፣ "ስልክ የሥራ ፈት ነው" ባይ ነው፣ የልጁን ቁጥር ደግሞ የሚያውቅ የለም። እስኪጽፍልን መጠበቅ ነው፣ ከጻፈ።

ዛሬ ኮማንደሯ መጣች። ስንነግራት አቅፋ አነሳችኝ፣ በዚያች ቁመቷ! "አላልኩሽም? ምክንያት ነው ያጣችው! በይ አሁን ጊዜውን አሳጥሪው። ቶሎ ቶሎ ይጨልም። በዚሁ ከቀጠለ አንድ ቀን መቀስ ይይዛል።"

መቀስ! ገባችሁ? አባባና መቀስ!

ከሄደች በኋላ ላፕቶፗን ጭኔ ላይ አድርጌ ፕሮግራሟን ከፈትኩ። የይለፍ ቃሏን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እማዬ ማጥፋትም ማሳጠርም አትችልም። "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ እሷ ሐኪም ናት" ብላ ወጥ ቤት ገባች፣ ድስት የምታጥብ መስላ አፍንጫዋን ስትነፋ ይሰማኛል። አባባ ያየኛል። በጓንት የታሰረችውን እጁን አነሳና ወደ ላፕቶፗ ጠቆመ፣ ከዚያ ወደ እኔ።

"ምን ላድርግ አባባ? ላጥፋው?"

"እ።"

"ላሳጥረው?"

"እ።"

አያችሁ? ለሁለቱም አንድ "እ" ነው ያለው! ዓይኑን አየሁት፣ ዓይኑም ሁለቱንም የሚል መሰለኝ። ባጠፋው ሱቁን ያያል፣ ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ጥቁር መስታወት፣ ጣቱም ምናልባት እንደተኛች ትቀራለች። ባሳጥረው እጁ ትመጣ ይሆናል፣ እስክትመጣ ድረስ ግን ስንት ሰው ሱፍ ለብሶ ፊቱ ይቀመጥና ሳያየው ይሄዳል? መላጣው እንኳ ጠዋት "ጋሼ፣ ዛሬ ጢሜን ተላጭቻለሁ፣ አማረብኝ?" ሲለው ጨለማ ነበር።

ይኸው በእማዬ ስልክ ይሄን ስጽፍላችሁ የላፕቶፗ ስክሪን ደበዘዘብኝ። "ተጠቃሚው የለም" አለኝ፣ እኔንም። አልነካሁትም። አባባ እያየኝ ነው፣ ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ናት፣ ጣቷ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ፣ አልተንቀሳቀሰችም መሰለኝ።

በናታችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?