ከጥዱ ሥር የተፋቀው አፈር

ሰገነት ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ደብር ጫካ ስትደርስ ከትልቁ ጥድ ሥር ያለው መሬት እንደ ሐዘንተኛ ራስ ተላጭቶ ጠበቃት። አጥሩ አልተነካም። የበሩም ቁልፍ አልተሰበረም።

ያጠረችው የአንድ መደብ ያህል ቦታ ነበር። ላላወቀው ጥቁር አረንጓዴ ቅርፊት ያለበሰው አፈር ነው፤ ምኑ ይደንቃል? ሰገነት ግን ወጣትነቷን የሰጠችው እሱን ለማጥናት ነው። በዓይን የማይለዩ አልጌዎችና ሳይኖባክቴሪያዎች ተያይዘው የሠሩት ሽፋን ነበር፤ አፈሩን ጎርፍ እንዳይወስደው ይይዘዋል፣ ከአየር ናይትሮጂን እየወሰደ ይመግበዋል። አንዴ ከተፋቀ መልሶ እስኪያገግም እሷ ታረጃለች። ከብት ያልረገጠው እንዲህ ያለ መሬት ደግሞ በዚያ አካባቢ ከቤተ ክርስቲያን ጫካ ውጭ አልቀረም።

ቁልፉን ያስቀመጠችው የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ ኃጢአቷን የያዙላት ሰው አፈር መጠበቅ ያቅታቸዋል? ስለ ሥራዋ ሲጠይቋትም በደስታ ነበር የነገረቻቸው፤ “ሕይወት አለው አባ፤ የሞተ መሬት ይፈውሳል” ብላ። ምነው ያኔ ምላሷን በቆረጠው!

አባን የቅዳሴው ኅብስት ከሚጋገርበት ከቤተ ልሔሙ ደጅ አገኘቻቸው። ምእመናን ተሰልፈው በወረቀት የተጠቀለለ እምነት፣ በሽተኛ የሚቀባውን የተባረከ አፈር፣ ከእጃቸው ይቀበላሉ። የዛሬው እምነት አረንጓዴ ነው።

“አባ፣ እርስዎ ነዎት ያስፋቁት?”

“እኔው ነኝ። ይፈውሳል አላልሽም? ሕዝቡ ታሞ አንቺ ቆልፈሽ ልታዪው ኖሯል?”

“መሬት ይፈውሳል ነው ያልኩዎት፤ ሰው አላልኩም! ደግሞስ ለእርስዎ እንጂ ለአገር ነገርኩ?”

“በንስሐ መች ነገርሽኝ ልጄ፤ በጨዋታ ነው። ጨዋታ ደግሞ ይወራል” አሉና ፈገግ አሉ።

ከመሬቱ መፋቅ ይልቅ ያቺ ፈገግታ አንጀቷን ቆረጠችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ሰምታለች፤ ፈረሱ መስቀል ይዞ ይመጣል ብላ ግን አላሰበችም።

አባ መስቀላቸውን ዘረጉላት። አልተሳለመችም።

“ከዛሬ ጀምሮ ሌላ የነፍስ አባት እፈልጋለሁ” አለች፤ እንባዋ ቀደማት።

ከሰልፉ መሃል አንዲት ሴት ጥቅሏን ደረቷ ላይ እንደያዘች ብቅ አለች፤ የሰገነት እናት ደብሪቱ ናት።

“በማርያም ይዤሻለሁ፣ አታዋርጂኝ! ተሳለሚ!” አለቻት።

ሰገነት ዞር ስትል የእናቷ ግንባር በዚያው አፈር ተቀብቷል።