ባለ ወንበሯ

«ኧረ አባባ፣ እሷ ላይ እንዳይቀመጡ!»

የልብስ ሰፊው ድምፅ ለቅሶ ቤቱን ዝም አሰኘው። ሊቀመጡ ጎንበስ ያሉት የሰፈር ሽማግሌ እንዳጎነበሱ ቀሩ። በሩ ጥግ የቆመችው ታጣፊ ወንበር ነበረች፤ እግሯ ብረት፣ መቀመጫዋ ሸራ። ሸራው በአንድ በኩል ተተርትሮ ተንጠልጥሏል።

«ሌላው ሁሉ ተይዟል እኮ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«የኔን ይውሰዱ። እኔ መቆም አያቅተኝም።»

ተነሥቶ ቆመ። የሟች ሚስቱ ታላቅ እህት የሻይ ትሪ እንደያዘች ጠጋ ብላ፣ «የማይቀመጡበትን ወንበር ሰው መሀል መገተር ምን ይሉታል? ወደ ጓዳ አስገባው» አለችው በጆሮው።

«አይገባም።»

ከንፈሯን መጠጠች። ሐዘንተኛ የፈለገውን ቢል ማን ይቆጣዋል፤ ትሪዋን ይዛ አለፈች።

ሚስቱ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበረች። በትምህርት ቤቷ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት አንድ ክፍል አለ፤ የአስተማሪዋ ደመወዝም ሆነ የክፍሉ ወጪ የሚመጣው ከፌዴራል በጀት ነው። በቀድሞው መንግሥት ጊዜ ጉዳዩን የያዘው ሰውዬ ሲያጉረመርም ሲያጉረመርም በየዓመቱ ይፈርምላት ነበር። ኋላ መንግሥት ተለወጠ። በሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ ከሚኒስትሩ እስከ መስኮት መጋረጃው ያልተለወጠ አልነበረም። አዲሶቹ ሰዎች፣ የቀድሞዎቹ የፈረሙት ሁሉ እንደገና ይጠና አሉ። ጥናት ደግሞ ምን እንደሆነ ቢሮ የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ የገባ ነገር አይወጣም።

መጀመሪያ የሠሩት ሥራ ቢኖር ከኮሪደሩ አግዳሚ ወንበሮቹን ማንሣት ነው። ባለጉዳይ ከተቀመጠ አይሄድም ብለው ነው አሉ። ያን ዕለት ስለ ክፍሉ ልትጠይቅ ሄዳ፣ እግሯ አብጦ ቤቷ ገባች።

«አየህ፣ ቆመን እንድንሰለች ነው» አለችው፣ እግሯን ለብ ባለ ውኃ እየነከረች።

«ታዲያ ሰልቺያ!»

«እኔ? ሞኝህን ፈልግ።»

በማግሥቱ ታጣፊ ወንበሯን ገዛች። ከዚያ ወዲያ ወንበሯን በብብቷ ሸጉጣ ነው የምትወጣው። ጸሐፊዋ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስትላት፣ «ይሰብሰቡ፤ እኔ እንደሆን መቀመጫዬን ይዣለሁ» ብላ ኮሪደሩ ላይ ትዘረጋታለች። ዘበኞቹ ባለ ወንበሯ አሏት። ስሙን ስትነግረው ልብስ ሰፊውም ስቆ ነበር፤ ውስጡ ግን አልሳቀም።

«ጋሼ።»

ቀና አለ። የመስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ናት፤ ገና ልጅ እግር። ዓይኗ አብጧል።

«በሐዘንዎ ላይ ይህን ማንሣቴ ነውር ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ለማን ልንገር? ክፍሉን ሊዘጉት ነው። ወሩ ሲያልቅ ልጆቹን ወደየቤታቸው መልሱ ተብለናል።»

እሱ የሚያውቀው ሱሪ ማጥበብና ማስፋት ነው። ሌላ ነገር ጠየቃት።

«በቀብሩ ላይ ልጆቹ ሁሉ መዳፋቸውን እየገጠሙ ሲከፍቱት አየሁ። ጸሎት ነው?»

«አይደለም ጋሼ። ስሟ ነው። በምልክት ሰውን የምንጠራው በሚታወቅበት ነገር ነው። እሷ ክፍል ስትገባ ወንበሯን ዘርግታ ልጆቹ መሀል ትቀመጥ ነበር፤ ወንበር ስትዘረጋ ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊው እጆቹን ኪሱ ከተተ። ሌላ የሚያደርግበት ቦታ አጣ።

ይህን ሲባባሉ ደጅ ላይ መኪና ቆመ። ባለ ከረባቱ ሰውዬ ሲገባ ቤቱ በሙሉ ተነሣ። የሚኒስቴሩ የመምሪያ ኃላፊ ነው፤ ያ በሩ የማይከፈተው። መሀል ቤት ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለትምህርት ሲሉ የኖሩ፣ ብርቱ ሴት ነበሩ። ሁላችንም አጥተናቸዋል።»

«አግኝተዋት ያውቃሉ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«እንግዲህ… በአካል እንኳ አልተገናኘንም።»

«በርዎ ላይ ነበረች።»

እህትየው ክንዱን ቆነጠጠችው። ሰውዬው ግን ለመደንገጥም ጊዜ የለው። «በስማቸው አዳራሽ ልንሰይም አስበናል» አለ፣ ለቤቱ ሁሉ እንዲሰማ። ሽማግሌው «እሰይ፣ እሰይ!» አሉ።

«ክፍሉስ?»

«የትኛው ክፍል?»

አስተማሪዋ አንገቷን ደፋች። ዓመቱን ሙሉ በደጁ ተቀምጣለት፣ የመጣችበትን ነገር እንኳ አያውቀውም! ልብስ ሰፊው ቢጮህ ደስ ባለው፤ ነገር ግን በዝግታ አስረዳው፤ ልጆቹን፣ አስተማሪዋን፣ በጀቱን።

«እ… እሱማ እየተጠና ነው» አለ ኃላፊው ሰዓቱን አየት አድርጎ። «ለማንኛውም ከሐዘኑ በኋላ ቢሮ ብቅ ይበሉ፣ እንነጋገርበታለን።»

እግዜር ያጥናችሁ ብሎ ወጣ። ሲገባ የተነሣው ሰው ሁሉ ሲወጣም ተነሥቶ ሸኘው።

ልብስ ሰፊው አልሸኘም። ወንበሯን ነበር የሚያየው። ሚስቱ በሞተችበት ዕለት ዋዜማ ይዛት መጥታ ከስፌት መኪናው አጠገብ አቆመቻት።

«ተተርትራብኛለች። አንድ ጊዜ በመኪናህ ምታልኝ፣ በሞቴ።»

«አልመታም። ውኃ ቢወቅጡት እምቦጭ! የሰው ደጅ ስትጠኚ ሰውነትሽ አለቀ። ባትሰፋ ቤትሽ ታርፊያለሽ።»

«ትንሽ ነገር እኮ ናት የኔ ጌታ።»

«አልሰፋም አልኩ!»

የማንንም ሱሪ ሲጠቅም የሚውል ሰውዬ ለሚስቱ አንድ መስመር ስፌት ነፈጋት። እንድታርፍለት ነው፤ ክፋት አልነበረውም። እሷ ግን አላረፈችም። ጠዋት የተቀደደችውን ወንበር ይዛ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ዋለች፤ ደረጃው ላይ ወደቀች። ሐኪሙ ልቧ ነው አለ፤ ተቀምጣ ብትውልም አይቀርም ነበር አለ። ልብስ ሰፊው ሐኪሙን አላመነውም። ወንበሯን ያመጣለት ዘበኛ ነው፤ እያለቀሰ።

ወንበሯን አነሣት። ሰው እያየው የስፌት መኪናውን ሽፋን ገፈፈ።

«አንተ!» አለች እህትየው ከጓዳ እየሮጠች። «ሐዘን ቤት መኪና ሊጮህ? ሰው ምን ይላል?»

«ይበል።»

ወፍራሙን ክር አስገባ። ሸራውን አጥፎ ከመርፌው ሥር አስገባና ረገጠው። የሚሰማው መኪናው ብቻ ነበር። አንድ መስመር መታ፤ በላዩ ደገመ፤ ደግሞ ሠለሰው። ዓይኑ ሲጋረድበት በክንዱ እየጠረገ ቀጠለ። ጨርሶ ሸራውን ከብረቱ ጋር አያያዘና ተቀመጠባት። ቻለችው።

«ለማን ነው ጋሼ?» አለች አስተማሪዋ።

«ብቅ በል ተብያለሁ። አልሰማሽም?»

ከዚያ ኪሱ ሲደብቃቸው የዋሉትን እጆቹን አወጣ። መዳፎቹን ገጠማቸው፤ ከፈታቸው።

«እንዲህ ነው?»

አስተማሪዋ አጠገቡ ተንበረከከች፤ የእጁን አንጓ ይዛ ትንሽ አቃናችለት።

«አውራ ጣቶቹ ወደ ላይ ጋሼ።»

እንደገና ገጠማቸው። አውራ ጣቶቹን ወደ ላይ አደረገና ቀስ ብሎ ከፈተ።