በሲስተር ስም

በዚያ ሆስፒታል ሥራ የሚበዛበት ማን ነው ተብለው ቢጠየቁ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ በአንድ አፍ “ሲስተር” ይሉ ነበር። እንደ መዝገቡ ከሆነ የሕፃናት ክፍል አለቃዋ ነርስ በአንድ ረፋድ የላብራቶሪ ውጤት ታስገባለች፣ ካርድ ታወጣለች፣ መድኃኒት ታዛለች፣ በዚያችው ደቂቃ ደግሞ ራጅ ክፍል ቁጭ ብላ ፎቶ ትልካለች። እንዲህ ያለ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የሆስፒታሉ ድረ ገጽ ሲተከል የመጀመሪያው የመግቢያ ስም የተከፈተው ለእሷ ነበር፤ ያውም ሁሉንም በር የሚከፍት። በኋላ የተጨመሩት ገጾች፣ የላብራቶሪውም የመድኃኒት ቤቱም፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የይለፍ ቃል ስለሚጠይቁ ሠራተኛው ሰለቸውና ወደ ሲስተር ዞረ። “ለዛሬ ብቻ” አላት አንዱ። ሰው መከልከል አታውቅበትም፣ ሰጠችው። ያ “ለዛሬ ብቻ” ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሞላው።

ከሁለት ወር በፊት ግን ቸርነቷ መዘዝ አመጣባት። ለአንድ ሕፃን ሁለት ነጥብ አምስት ሚሊግራም ተብሎ መታዘዝ የነበረበት መድኃኒት ሃያ አምስት ተብሎ ተጻፈ። ደግነቱ መድኃኒት ቤት ላይ ተያዘ፣ ሕፃኑም ምንም ሳይሆን ቤቱ ገባ። ግን ማን ጻፈው? መዝገቡ ሲስተር ይላል። እሷ በዚያ ሰዓት ኮምፒውተር አጠገብ አልደረስኩም ብላ ብትምልም ጉዳዩን በሚያጣራው ኮሚቴ ፊት ቆሞ “እኔም በስሟ እገባ ነበር” የሚል ሰው ጠፋ። ሁሉም እንጀራውን አስቦ ጫማውን ያያል። አንድ ሰው ብቻ ልመስክር ብላ ተነሳች፤ የሆስፒታሉ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የገዛ ልጇ። ከኮሚቴው አንዱ ሳቅ ብሎ “የአይጥ ምስክር ድንቢጥ” አለና ነገሩ በዚያው አበቃ። ሠላሳ አራት ዓመት ንጹሕ ሆኖ የኖረ ፋይል ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገባ። ለጡረታዋ የቀራት ሦስት ወር ነበር።

ያን ዕለት ማታ ሲስተር ራት አልበላችም። “ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ” አለች ለልጇ። “የኔ ግን ጡረታ ድረስ እንኳ ሊውልልኝ አልቻለም።”

“እማዬ፣ ተይው አሁን” አለች ልጅ። እሷ ራሷ ግን አልተወችውም። ደሟ ፈልቶ ነበር። በማግስቱ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገብታ፣ ስንት ጊዜ አቅርባው ስንት ጊዜ “ይደርሳል” የተባለችበትን ሥራ እንዲፈቅድላት ጠየቀች። ከዚያ ጉዳይ በኋላ እምቢ ለማለት ለእሱም አልተመቸውም።

ሥራው በአጭሩ እንዲህ ነው። የሠራተኛው ሁሉ ስም በአንድ ሰርቨር ላይ፣ በአንድ ማውጫ ውስጥ ይቀመጣል። ከእንግዲህ የትኛውም ገጽ የራሱን ዝርዝር አይዝም፤ ሰው በመጣ ቁጥር ማውጫውን “ይህን ሰው ታውቀዋለህ?” ብሎ ይጠይቃል፣ አውቀዋለሁ ካለ ያስገባል። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃል፣ ሁሉም ቦታ የሚሠራ። ሲነገር ቀላል ነው። መቶ አርባ ሦስት ሰው በየስሙና በየሥራው መዘገበች። ማን የቱን ገጽ ማየት እንዳለበት ለመለየት ከክፍል ክፍል ስትዞር ጫማዋ አለቀ። ሁለት ቀን ሙሉ ማውጫው አንድም ሰው አላስገባም ብሎ አሠቃያት፤ ለካ የአንዱ ሰርቨር ሰዓት ሰባት ደቂቃ ወደኋላ ቀርቶ ኖሯል። ሰዓቱን አስተካክላ የመጀመሪያው ሰው ሲገባ ወንበሯ ላይ ብቻዋን አጨበጨበች። ማንም አላያትም እንጂ ቢያያትም ግድ አልነበራትም።

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ፣ ወሬ ስለማይቋጥር ሬዲዮ የሚሉት፣ በየቀኑ ብቅ እያለ “የሲስተር ልጅ፣ አሁን እኔንም በስሜ ልታውቂኝ ነው?” ይላታል።

“በስምህም በጥፋትህም” ትለዋለች።

አዲሱ አሠራር የሚጀመርበት ሰኞ ደረሰ። ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ለሁሉም በታሸገ ወረቀት የመጀመሪያ የይለፍ ቃሉ ታድሏል፣ የድሮዎቹ ዝርዝሮችም ተዘግተዋል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩና የየክፍሉ ተጠሪዎች በስብሰባ አዳራሹ ተሰበሰቡ፤ እያንዳንዱ በተራ ፊት ለፊት ወዳለው ኮምፒውተር እየቀረበ ይገባል፣ የሚያደርገውም በግድግዳው ላይ በትልቁ ይታያል። የላብራቶሪው ገባ። የመድኃኒት ቤቱ ገባ። ሬዲዮ ሲገባ ስሙን ግድግዳው ላይ አይቶ ኮሌታውን አስተካከለ። ልጅ ደረቷ በኩራት ተነፍቶ ቆማለች፤ ሥራዋ ሰው ፊት ሲራመድ ያየችው ገና ዛሬ ነው።

ሲስተር ተራዋ ደርሶ ተቀመጠች። ከወረቀቱ እያየች በአንድ ጣቷ ጻፈች። ግድግዳው ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ፤ ታግዷል ይላል። ደግማ ሞከረች። አሁንም ታግዷል።

“ሲስተር ብቻ?” አለ ዳይሬክተሩ።

ከኋላ አንዱ “ዕድሜ ነው” ብሎ አንሾካሾከ፤ አዳራሹ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ሰማው። ሲስተር እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። “እጄ ተሳስቶ ይሆናል” አለች ቀስ ብላ።

ልጅ፣ እናቴን አዋረድኳት፣ ያውም በገዛ ሥራዬ፣ ብላ አሰበች። በራሷ ኮምፒውተር የማውጫውን መዝገብ ከፈተችና ማንበብ ጀመረች። ትንሽ ካነበበች በኋላ ፊቷ ተለወጠ።

ጥፋቱ የእሷ ነበር፣ ግን እሷ የመሰላት ዓይነት አልነበረም። አምስት ጊዜ የተሳሳተ የይለፍ ቃል የመጣበትን ስም ማውጫው ለግማሽ ሰዓት እንዲያግድ ራሷ አዝዘዋለች። የረሳችው ነገር፣ በየክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች የእናቷን ስምና የድሮ የይለፍ ቃሏን ለዓመታት አስታውሰው መያዛቸውን ነው። የተከፈተ ገጽ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን ያድሳል፤ ባደሰ ቁጥርም ያንኑ የሲስተርን የድሮ ቃል ይልካል። ማንም ሳይነካቸው፣ ኮምፒውተሮቹ ከንጋት ጀምሮ በሲስተር ስም በሩን ሲደበድቡ ነበር።

እገዳውን አንስታ ዝም ማለት ትችል ነበር። እናቷም በዓይኗ “ተይው” አለቻት። አልተወችውም። መዝገቡን ግድግዳው ላይ አወጣችው።

“ሲስተር አልተሳሳተችም” አለች። “ዛሬ ጠዋት በስሟ ሊገቡ የሞከሩት ኮምፒውተሮች እነዚህ ናቸው። እኔ ልጇ ነኝ፣ አትመኑኝ። ማሽኑ ግን ዘመድ የለውም።”

አንድ በአንድ አነበበችው። ላብራቶሪ፣ ሠላሳ ሦስት ጊዜ። ካርድ ክፍል፣ ሃምሳ ሁለት። ራጅ፣ ሃያ። መድኃኒት ቤት፣ ሠላሳ። አሥራ ሦስት ክፍል አንብባ አሥራ አራተኛው ላይ ድምፅዋ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እሱንም አነበበችው። ዳይሬክተር ቢሮ፣ አርባ አንድ ጊዜ።

መጀመሪያ አፉን የከፈተው ሬዲዮ ነው፤ ለወሬ ሲሆን እንደሚቸኩለው ሳይሆን፣ አንገቱን ደፍቶ። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል” አለ። “እኛ ግን ሃምሳ ሆነን ሳለን ሁሉንም ለሲስተር አሸከምናት። ኮሚቴ ፊት ዝም ካሉት አንዱ እኔ ነኝ።”

ከእሱ ቀጥሎ የራጅ ክፍሏ ባለሙያ “እኔም” አለች። ከዚያ የላብራቶሪው። ያን ሃያ አምስት ማን እንደጻፈው ዛሬም አይታወቅም፣ የድሮው መዝገብ የሚያውቀው አንድ ስም ብቻ ነበርና። ሲስተር መሆኗን ግን ከእንግዲህ ደፍሮ የሚናገር አልነበረም።

“የኔ ኮምፒውተር በራሱ ነበር የሚገባው” አለ ዳይሬክተሩ። “በማን ስም እንደሚገባ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደብዳቤውን ዛሬውኑ ከፋይልዎ አስወጣለሁ።”

“አይወጣም፣ ዶክተር” አለች ሲስተር። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ነው የመጣልኝ። መሻሩም በጽሑፍ ይምጣና ከላዩ ይታሰር፤ ኮሚቴው ሁሉ ይፈርምበት። ፋይሌን የሚከፍት ሰው ሁለቱንም ያንብብ።”

“ይሁን” አለ።

ልጅ የየክፍሉን ኮምፒውተር ጥያቄ ለጊዜው ዘግታ እገዳውን አነሳች። ሲስተር በወረቀቱ ቃል ስትሞክር ገጹ ተከፈተላትና አሁን የራሷን አዲስ የይለፍ ቃል እንድትመርጥ ጠየቃት። ሲስተር ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞር አለች።

“ይህን የሠራችው ልጄ ናት” አለች፣ የማያውቅ ያለ ይመስል። ከዚያ እጇን ቁልፎቹ ላይ አደረገች። “አሁን ፊታችሁን አዙሩ።”

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የይለፍ ቃሏን በቃሉ ሲያነበንብ የኖረ ሰው ሁሉ ወንበሩን እያንኳኳ ዞረ። ሬዲዮ ዞረ፣ ዳይሬክተሩም ተነስቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልጅም ዞረች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ እየሳቀች። ከኋላዋ የቁልፎቹ ድምፅ አንድ በአንድ ይሰማታል። ረጅም ነበር። እናቷ አልቸኮለችም፣ ያቻኮላትም የለም።