የዴሳ ክራብትሪ ጊታር ቅኝት

«እኔ ምን አገባኝ፤ ግን ቨርጂል ‹የዴሳ ድምፅ ከእንግዲህ ላይ አይወጣም› ሲል ተሰምቷል» አለች ሜይቤት ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቢጎዲኑን ከዴሳ ፀጉር ላይ እየፈታች። የማያገባት ነገር ሁሉ የሚያድረው አፏ ላይ ነው።

ዘፋኟ ዴሳ ክራብትሪ በመስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች። የምትዘጋጅበት አውቶብሷ የቆመው ቴነሲ ውስጥ፣ በአንድ ወረዳ የገበሬዎች ትርኢት ሜዳ፣ ለውድድር ከመጡት አሳማዎች በረት አጠገብ ነው። የትምባሆ ገበሬ ልጅ ስለሆነች ሽታው አይደንቃትም። ከአባቷ እርሻ ያወጣት አንድ ዘፈን ነው፤ «ድልድዩ ሳይወሰድ»። መጨረሻው ላይ «ተመለስ» የምትለዋ ቃል ሽቅብ ትወጣና እላይ ተሰቅላ ትቆያለች። ሁለት ባሎቿ ሄደው አልተመለሱም፤ ያቺ ቃል ግን አንድም ቀን ከድታት አታውቅም። ፊቷን ለሜይቤት፣ ወገቧን ለቀበቶ ከተወች ቆይታለች። ስድሳ ካለፋት ወዲህ የእኔ የምትለው ይህንኑ ድምፅ ብቻ ነው።

ቨርጂል ስታምፕስ ሳያንኳኳ ገባ። ከመጀመሪያው ሸክላዋ ጀምሮ ከኋላዋ ተቀምጦ፣ ያንን በብረት እየዳሰሱ የሚያስለቅሱትን ስቲል ጊታር የሚጫወትላት እሱ ነው። እንደ ልማዱ የእሷን ጊታር ሊቃኝላት እጁን ዘረጋ።

«‹ድምጿ ላይ አይወጣም› ብለሃል?» አለችው ዴሳ።

«ብያለሁ።»

የሜይቤት ማበጠሪያ አየር ላይ ቀረ። ዴሳ እንዲክድ ጠብቃ ነበር፤ ቢክድ ታምነው ነበር።

«ለማን?»

«ለኮይ።» ኮይ ዘንድሮ የተቀጠረው ቫዮሊን ተጫዋች ነው።

«ለትናንት መጤ! ምን ቸግሮህ?»

ቨርጂል ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሜይቤትን አየና ዘጋው። «ጊታሩን ስጪኝ፣ ዴስ። ሰዓት ደርሷል፤ ስድቡ ኋላ ይደርሳል።»

«ጊታሬን እንዳትነካ። ዕቃህን ሰብስብና ውረድ።»

«ዛሬውኑ?»

«አሁኑኑ!»

ባርኔጣውን ደፍቶ ወረደ። ዴሳ ከአዘጋጆቹ መቃኛ መሣሪያ አስመጣችና ጊታሩን ጭኗ ላይ አጋደመችው። ክሮቹ ሁሉ ረግበዋል። «እንዲህ ነበር ለካ የሚሠራልኝ፣ ሰነፍ!» አለች። መቃኛው ልክ ነው ብሎ አረንጓዴ መብራት እስኪያበራ ድረስ አንድ በአንድ ወጠረቻቸው።

መድረክ ላይ ስትወጣ ፀሐይዋ ገና አልበረደችም። በመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች ድምጿ ሻከረ፤ በአቧራው አሳበበች። ከዚያ ሰው ሁሉ የመጣለት «ድልድዩ ሳይወሰድ» ደረሰ። «ተመለስ» ግማሽ መንገድ ወጣችና ተሰነጠቀች። ዴሳ ደግማ ሞከረቻት፤ ደግማ ተሰነጠቀች። የፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ደፉ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ከሆስፒታል ለወጣ ሰው እንደሚጨበጨበው።

ከመድረኩ ጀርባ ኮይ ቫዮሊኑን እንዳቀፈ ቆሞ ጠበቃት።

«ሚስ ዴሳ፣ አይቆጡኝ እንጂ፣ ዛሬ ለምን ከፍ አደረጉት?»

«ምኑን?»

ኮይ የባንድ ጓደኞቹን አየ። ሁሉም ገመድ መጠቅለል ይዘዋል።

«ቅኝቱን ነዋ። ቨርጂል ሁልጊዜ የእርስዎን ጊታር ዝቅ አድርጎ ነው የሚቃኘው፤ እኛም አብረን እንወርዳለን። ስቀጠር መጀመሪያ የነገረኝ እሱን ነው። ‹ድምጿ ላይ አይወጣም፤ እንውረድላት፤ እንዳትሰማ› አለኝ።»

ከበረቱ በኩል የአሸናፊው አሳማ ባለቤት ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ዴሳ ስሙ ተነግሮ እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ሳልመጣ ነው። ብዙ ዓመት ነው ይላሉ።»

«ታዲያ ዛሬ እናንተ ለምን ከእኔ ጋር ከፍ ብላችሁ ወጣችሁ?»

«ቨርጂል ዕቃውን ጭኖ መኪናውን ሊያንቀሳቅስ ሲል፣ በአውቶብሱ መስኮት ክሩን ሲወጥሩት ሰምቶ ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ መጣ። ‹ራሷ ቃኝታዋለች› አለን፤ ‹አብራችሁ ውጡ፤ እዚያ ላይ ብቻዋን እንዳትተዋት።›»