የደቦሉ ለቅሶ

"ይኸውልሽ፣ ጅብ አጥንት ሰበረ!" አለ ጋሽ አራዊት፣ የጎመኑን ግንድ ማይክራፎኑ ፊት በሁለት እጁ ቀጭ አድርጎ።

አዘጋጇ ከት ብላ ሳቀች። የዱር አራዊት ፊልምን ታሪክ የሚተርክ ፕሮግራም እየሠራች ነው፤ ለዚሁ ብላ ጡረታ የወጣውን ድምፅ ሠሪ ግድግዳው በስፖንጅ ወደተለበጠው የድምፅ ክፍል አስጠርታዋለች። ዓይኑ ከጠፋ አራት ዓመት ሆኖታልና ሚስቱ እጁን ይዛ አምጥታው፣ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ጋሽ አራዊት ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከዝሆን እስከ ጉንዳን በጉሮሮውና በጓዳ ዕቃ የማያስጮኸው ፍጥረት አልነበረም።

"እርስዎ ባይኖሩ ጅቡን ምን ይውጠው ነበር!" አለች አዘጋጇ።

"ጾሙን ያድር ነበራ!" አለች ሚስቱ ከጥጓ። "ይሄ ሰውዬ ስንት ጎመን ለአውሬ እንዳበላ እኔ ነኝ የማውቀው። ለድስት የሚተርፍ አልነበረም።"

"ግን ለምን እውነተኛውን ድምፅ አልቀዳችሁም ጋሼ?"

"ካሜራ ከሩቅ አቅርቦ ያያል፤ ማይክራፎን ግን ከሩቅ አቅርቦ አይሰማም። ካሜራ ያዡ አንበሳዋን ከሸለቆ ማዶ ሆኖ ያነሳታል፤ ፊልሙ እኔ ዘንድ ሲደርስ ዲዳ ነው። ከእኛ በፊት የነበሩት እኮ ለአንዲት ጥሩ ትዕይንት ብለው አውሬውን ገድለውም ያውቃሉ። እኛ ማንንም አልጎዳንም። የዋሸነው ድምፅ ብቻ ነው።"

ይህን ለስንቱ እንግዳ ተናግሮታል። የመጨረሻዋን ቃል ግን ሁልጊዜ አፍጥኖ ያልፋታል።

አዘጋጇ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋችለት። "አሁን ደግሞ ይህን ይስሙልኝ። እናቱ የተገደለችበት የአንበሳ ደቦል ነው።"

ገና ሲጀምር አወቃት። ቀጭን ለቅሶ፣ በመሃሉ ሳል፣ ትንፋሽ ፍለጋ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ለቅሶ።

"ምን ነበር ጋሼ?"

"የፍየል ግልገል ናት" አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ለጠየቀው ሁሉ ያለው ይህንኑ ነው።

"አቤት ግልገል! መዝገብ ቤት ያገኘነው ዋናው ቴፕ እኮ፣ ይኸው አሁን የከፈትኩልዎ፣ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ግን መሻገት ጀምሯል። ፊልሙ ሲታደስ በእውነተኛ ደቦል ድምፅ እንተካውና አሮጌዎቹን ቴፖች እናስወግዳቸዋለን።"

የገዛ ልጁ ያኔ ስምንት ወሯ ነበር። ሚስቱ ያን ቀን ጠዋት ለሥራ ስትወጣ "ትኩሳቷ አልበረደም፤ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰዳት" ብላው ነበር። ፊልሙ በማግስቱ ማለቅ አለበት፤ የጎደለው የደቦሉ ለቅሶ ብቻ ነው፤ የድምፅ መቅጃው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ልጅቱ ስታለቅስ ያ የተረገመ ጆሮው ከአባትነቱ ቀደመ። አላነሳትም። ቁልፉን ተጭኖ አልጋዋ ሥር ተንበረከከና ቴፑ አልቆ እስኪቆም ማይክራፎኑን አፏ አጠገብ ይዞ ቆየ። ሐኪም ቤት የወሰዳት ከዚያ በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን በሳንባ ምች ሞተች። ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን..." አለ። እሱም ለሚስቱ "ተኝታ ነበር፤ እንደነቃች ይዣት በረርኩ" አላት። አመነችው።

ሌላ ልጅ አልወለዱም። ሚስቱ የቀረቻቸውን አንዲት ፎቶ ባየች ቁጥር "ፊቷስ ይኸው፤ ድምጿ ግን ከጆሮዬ ጠፋብኝ" ትላለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ከእሱ ሺህ ጊዜ ትሻላለች፤ እሷ የጣለችው ልጅ አልነበረም።

ዝም ቢል ቴፑ ይወገዳል፤ ጥፋቱም አብሮ ይቀበራል። ሚስቱም እጁን ይዛ ወደ ቤት ትመልሰዋለች። ልጅቱ ግን ሁለተኛ ትሞታለች። ቢናገር ያቺን እጅ ያጣል፤ ያለ እሷ ደግሞ ከዚህ ክፍል ደጃፍ እንኳ አይደርስም። ፈራ።

"ቀጣዩን ልክፈት ጋሼ?"

"ቆይ።" ማዳመጫውን አወለቀና ወደ ጥጉ ዞረ። "አንቺ፣ አለሽ?"

"የት እሄዳለሁ ብለህ ነው?"

"ፍየል አይደለችም። ልጃችን ናት።"

ማዳመጫውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

"ያን ቀን ተኝታ ነበር ያልኩሽ ውሸት ነው። እያለቀሰች ነበር። እኔ ድምፅ እቀዳ ነበር።"

ስፖንጁ ድምፅ ሁሉ ስለሚውጥ የሚይዘው ነገር አጣ፤ ፊቷን አያይ፣ ትንፋሿን አይሰማ። ማዳመጫውን ወደ ጥጉ ዘርግቶ ተነስቶ ቆመ። በመጨረሻ የወንበሯ እግር ወለሉን ሲጭር ሰማ። ማዳመጫው ከእጁ ተወሰደ፤ ጣቷ ግን ጣቱን አልነካውም።

"ስንት ደቂቃ ነው ያልሽው፣ ልጄ?" አለች ሚስቱ ለአዘጋጇ።

"ሃያ ሁለት" አለች አዘጋጇ።

"ከመጀመሪያው ክፈቺልኝ።"

አዘጋጇ ቴፑን ከከፈተች በኋላ ለጋሽ አራዊት ወንበር ሳበችለት። አልተቀመጠም።