ሙህሲን የተወው ክፍል

ታሂር ቆቦ በነበረው ኮሌጃችን ፊዚክስ ያስተምር ነበር። ስለ ስበት ሲያስረዳ ጠመኔውን ወደ ላይ ወርውሮ ለመቅለብ ይሞክራል፤ ብዙ ጊዜም ያመልጠዋል። ተማሪዎቹ ሲስቁ፣ «እኔ ብሰንፍም ስበት አልሰነፈም» ይላቸዋል። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ሙህሲን የተባለ የሮቢት ልጅ ነበር፤ ጥያቄው አያልቅም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ስለነበርሁ፣ «ይህን ልጅ ረዳት መምህር ሳናደርገው ጡረታ እንዳትወጪብኝ» እያለ ይጨቀጭቀኛል።

በ2002 ዓ.ም. ክረምት የተራራው ጎርፍ ወደ ማን ማሽላ ይዙር በሚል ጠብ፣ የታሂር የአጎት ልጅ የሙህሲንን ታላቅ ወንድም ገደለና ወደ አፋር በረሃ ሸሸ። በቆላው ደም የሚፈለገው ከገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ከወገኑ መካከል ሞቱ ይበልጥ የሚያንገበግበው ሰው ይመረጣል። ከዚያ ወገን ኮሌጅ የደረሰው ደግሞ ታሂር ብቻ ነበር።

ሽማግሌዎች ለእርቅ ተቀመጡ፤ የሟች ወገን ግን እሺ አላለም።

«ለጊዜው ደሴ ሂድ» አልሁት።

«እኔ ስሸሽ ልጁ ምን ይማራል፣ እትዬ ብዙነሽ? እንደ ጠላት እንዳየሁት አይደል?»

ትምህርት ሲጀመር ሙህሲን መጣ፤ እንደ ወትሮውም ከፊት ተቀመጠ። ታሂር ጠመኔውን ሳይወረውር አስተማረ። በጥቅምት መጨረሻ ሙህሲን ቢሮዬ ገባ።

«እትዬ፣ መልቀቂያ ይስጡኝ።»

«ሽማግሌ ተቀምጧል እኮ፣ ልጄ። ጥቂት ታገሥ።»

«እናቴ ማታ እራት ስታቀርብልኝ ‹ዛሬም አየኸው?› ትለኛለች። ሌላ አትልም።»

«አንተስ ምን ትላታለህ?»

«አየኋቸው፣ አስተማሩን እላታለሁ።» እጆቹን ተመለከተ። «ከቆየሁ አንድ ቀን እሺ እላታለሁ፣ እትዬ።»

«ለመምህርህስ ምን ልበል?»

«ሳልርቅ እንዳይነግሯቸው። ሊያስቀሩኝ ሮቢት ድረስ ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ ዘመዶቼ ደጃችን ላይ ያገኟቸዋል።»

ሰጠሁት። በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ አመራ የሚል ወሬ ብቻ ደረሰን።

በጥር ሽማግሌዎቹ የሟችን ወገን አሳመኑ፤ ሁለቱ ወገኖች ተማምለው ታረቁ። ታሂር በማግስቱ ሮቢት ወረደ። የሙህሲን እናት፣ ሰይዳ፣ በሩ ላይ ቆማ ተቀበለችው፤ አስገብታም ወተት ሰጠችው። ከየት እንደሚጀምር ሲያስብ እርሷ ቀደመችው።

«የት ነው ያለው ልጄ? ደኅና ነው?»

ታሂር ወተቱን መሬት ላይ አስቀመጠ። እርሷ ሙህሲን ለመምህሩ ይደውላል ብላ፣ እርሱም ለእናቱ ይደውላል ብሎ ነበር እስከዚያ ቀን የጠበቁት።